ሬዲዮ የዘጋው መንገድ

ከዓይኑ ይልቅ ሬዲዮ የሚያምን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ ያውም ትዳሬ በእጁ በነበረበት ቀን።

ጋሽ ወልዴ ቦንጋ ውስጥ ጎረቤቴ ናቸው። ሺሺንዳ ሄደው የምወዳትን ልጅ ከአባቷ ሊጠይቁልኝ ጋቢያቸውን ደርበው ሲነሱ፣ ሬዲዮው «የሺሺንዳ መንገድ ተዘጋ፤ ተጓዦች ከባድ ቀውስ ውስጥ ናቸው» አለ። ያንኑ ደጋግሞ ቢያወራ ከተማው ጨው ሊገዛ ተሻማ። ለካ መንገዱ የተዘጋው ለጥገና ነው፤ እሱም በአንድ ጎኑ ብቻ።

«አውቶቡሱ እኮ እየጫነ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«የት ሊደርስ?» ብለው ተቀመጡ።

ከሰዓት በኋላ በራቸው ተንኳኳ። ስከፍት የልጅቷ አባት ናቸው። የሴት ልጅ አባት ሽማግሌ ፍለጋ ሲወጣ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

«በግ አርደን ብንጠብቅ ቀራችሁ፤ ምን ነካችሁ?» አሉ።

«መንገዱ ተዘግቶ ነዋ» አሉ ጋሽ ወልዴ። «እርስዎ በየት መጡ?»

«በመንገዱ።»

ደግነቱ፣ ሰውየው ስቀው ልጃቸውን ፈቀዱልኝ። መርቀውኝ ሊሄዱ ሲነሱ ግን ጋሽ ወልዴ በሩ ላይ ቆመው ክንዳቸውን ያዟቸው።

«እዚሁ ያድራሉ እንጂ፣ በተዘጋ መንገድ አልሸኝዎትም።»