ከኮርፉ እስከ ሮድስ ስንት ገንፎ ነው?

«ካንቺ ይልቅ ሻንጣሽ ለሰው ይጠቅማል» አሉኝ እትዬ ብዙነሽ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ። እዚሁ ዩለስ ከተማ፣ ከኔ አፓርታማ በላይ ነው የሚኖሩት። እንግዲህ ልብ በሉ… እኛ ዘንድ መንገደኛ ማለት እግር ያወጣ ሻንጣ ነው። «ልዝናና ነው የምሄደው» ብትሉ መልሱ «እሺ፣ ስንት ኪሎ ይተርፍሻል?» ነው።

ጥፋቱ የአፌ ነው። ኤርፖርት ዊልቸር እገፋለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰዉን ወደ ሽርሽሩ ስገፋ ኖሬ፣ በመጨረሻ ለራሴም አራት ቀን ቫኬሽን ተፈቀደልኝ። ግሪክ፣ ኮርፉ የምትባል ደሴት፤ ውሃ ዳር ተጋድሜ ማንንም ላልገፋ። ይህን ደረጃው ላይ ለእትዬ ነገርኳቸው። በማግስቱ አሥር ኪሎ የገንፎ ዱቄት ደጄ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ለካ የወንድማቸው ልጅ ሰናይት እዚያው ግሪክ አግብታ ገና መውለዷ ነው።

«እትዬ፣ ሰናይት ያለችው ሮድስ ነው። እኔ የምሄደው ኮርፉ።»

«ሁለቱም ግሪክ አይደሉም?»

«ናቸው፤ ግን መሀላቸው ባሕር አለ።»

«በዋና ነው እንዴ የምትሄጂው?»

ከሥራ ስወጣ ላይብረሪ ገብቼ ኢንተርኔት ላይ አየሁት። አንዷ ደሴት ምዕራብ ጫፍ፣ ሌላዋ ቱርክ አፍንጫ ሥር። በቀጥታ ቢለካ አምስት መቶ ማይል ገደማ፤ በአየር አንድ ሰዓት ከምናምን። ቶሎ ደስ አይበላችሁ… እኔ በምሄድበት ሳምንት ቀጥታ በረራ የለም። አቴንስ ወርዶ፣ ተጎልቶ፣ ሌላ አውሮፕላን ጠብቆ ነው። መሄጃ አንድ ቀን፣ መመለሻ አንድ ቀን። ከአራት ቀኔ ሁለቱ ገንፎ ሆኑ ማለት ነው። ፕሪንት አድርጌ፣ ዱቄቱንም ልመልስ ተሸክሜ ወደ ላይ ወጣሁ።

ባለቤታቸው ጋሽ ታደሰ ታክሲ ስለሚነዱ የርቀት ዳኛ እሳቸው ናቸው። ወረቀቱን አገላብጠው አዩና፣ «አምስት መቶ ማይል? ይሄማ ሂዩስተን ደርሶ መልስ ነው። ቅዳሜ ለልቅሶ ሄደን ለእራት አልተመለስንም?»

«ተመልሰናል እንጂ» አሉ እትዬ።

አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ እዚሁ አርባ ማይል ላይ ማኪኒ ያሉትን እህትዎን ግን ሩቅ ነው ብለው ዓመት ሙሉ አልጠየቋቸውም።»

«እሱ ትራፊክ አለበት። ሰማይ ላይ ማን መንገድ ይዘጋብሻል?»

ይሄኔ ስልኩ ጮኸ። ሰናይት ናት። እትዬ «ዱቄትሽ ሐሙስ ይደርስልሻል» ማለት ሲጀምሩ ስልኩን ከእጃቸው ወሰድኩት። ሶ፣ እውነቱን ራሴው ልነግራት ነው።

«ሰናይት፣ እኔ እኮ የምሄደው ኮርፉ ነው።»

«ውይ፣ ኮርፉማ የት ነው፣ የትና የት! በናትሽ እንዳትለፊ።» ከኋላዋ ሕፃኑ ያለቅሳል፤ እሷ ትስቃለች። «ባሌ ገንፎ ብሎ የሠራልኝን ብታዪው… ግድግዳ ይለሰንበታል። እሱም እየሳቀ አቀረበው፣ እኔም እየሳቅኩ ተውኩት። ከወለድኩ ወር አለፈኝ፤ ‹እንኳን ማርያም ማረችሽ› የሚለኝ ስልክ ብቻ ነው። ግን ለመድኩት።»

ወረቀቴን አየሁት። እትዬም አዩኝ።

«ከኤርፖርቱ ቤትሽ ስንት ደቂቃ ነው?» አልኳት።

«ሃያ። ምነው?»

ስልኩን ለእትዬ መለስኩና ዱቄቱን መልሼ ትከሻዬ ላይ ጣልኩት። በሩ ጋ ስደርስ «ቆይ እንጂ፣ ቅቤውስ?» አሉኝ።

ቅቤውን ተቀብዬ ወጣሁ።