ማንም ያልጠረጠረኝ እኔ

ሰው ሲጠረጠር አይታችሁ ቀንታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቀንቻለሁ። በደርግ ጊዜ ደብረ ታቦር ላይ በድብቅ የምንሰበሰብ ወጣቶች ነበርን። አንድ ቀን እኔና ጓደኛዬ ታደለ በአቅራቢያችን ካለችው ከገሳይ ከተማ ስንመለስ ዝናብ ያዘን፤ የወታደር መኪና ሾፌር አዝኖልን አሳፈረን። ከመኪናው ስንወርድ ያዩን ነበሩና በማግስቱ «ታደለ የደርግ ጆሮ ነው» ተባለ። ሌሎቹ ደግሞ «የለም፣ ሾፌሩ የእኛ ሰው ነው፤ ታደለ ከባድ ተልእኮ ይዟል» አሉ። ግማሹ ሸሸው፣ ግማሹ አጀበው፤ እርስ በርስ ሰላምታ ተነፋፈግን። «ዝናብ ነው ያሳፈረን!» ብዬ ብምል ብገዘት የሰማኝ የለም። የምወዳት ዘነበች እንኳ ከታደለ ሌላ ወሬ አጣች።

ቅናቱ ቢያንገበግበኝ፣ «እኔም እኮ አብሬው ተሳፍሬ ነበር!» አልኳት።

ሳቋ አመለጣት። «አንተንማ ማን ይጠረጥርሃል፣ ወንድምዬ?»

ማኅበራችን ለሁለት ተሰነጠቀ። ሁለቱም ወገን ለየብቻው ሲሰበሰብ እኔን መጥራት ረሳ።