«እርስዎ ይቅደሙ» ባዮች

በር ላይ «እርስዎ ይቅደሙ» እየተባባሉ ሰው የሚያስቆሙ ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ ሁለቱን ይዤ ከዙሪክ ጄኔቭ ድረስ ሄጃለሁ።

ጡረተኞቹ ጋሽ ታፈሰና እትዬ አስካለ በዙሪክ ዜባህ ሰፈር ጎረቤቶቼ ናቸው። ጄኔቭ ሐይቅ ዳር ያለው፣ ሰው በተንጠለጠሉ ክፍሎች አሳፍሮ ወደ ላይ የሚያዞረው ትልቁ መንኮራኩር ላይ ወጥተን እንዝናና ብለን ወር ሙሉ ስናቅድ ባቡሩም፣ ዣንጥላውም፣ የጾም ምሳውም ታሰበበት። ማን ቀድሞ እንደሚገባ ግን ማንም አላሰበም።

ተራችን ደርሶ የአንዱ ክፍል በር ተከፈተልን።

«ይግቡ፣ እትዬ አስካለ።»

«ኧረ ጋሽ ታፈሰ፣ እርስዎ እያሉ?»

«በማርያም ይግቡ።»

«በሚካኤል፣ አይሆንም።»

ከኋላችን ያለው ሰልፍ ሲያጉረመርም በድንጋጤ ዘልዬ ገባሁ። ሠራተኛው በሩን ዘጋብኝና ብቻዬን ተሰቀልኩ። ታዲያ ሐይቁን ያየሁ ይመስላችኋል? ዞሬ በወረድኩ ቁጥር ሰልፈኛው በጎናቸው እያለፈ ይሳፈራል፣ እነሱ ግን እጃቸውን ወደ በሩ ዘርግተው አሁንም ይግደረደራሉ።

ስወርድ እትዬ አስካለ ዓይናቸውን አፍጥጠው ጠበቁኝ።

«ታላላቆችህ ቆመው ብቻህን ገባህ?»

ማታ የዙሪክ ባቡር በሩን ሲከፍት ግን ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«በል ቅደም» አሉኝ ጋሽ ታፈሰ፤ «አንተ ለምደኸዋል።»