ከዚህ ክፍል ቆርኪ አይወጣም

በዚህ አገር አንዲት እንደዚህ ያለች አስተማሪ የሌለችበት ትምህርት ቤት ገና አልተከፈተም። ተከፍቶም ከሆነ፣ ሪባኑን የቆረጡት ሰዎች ቸኩለው ነው።

ታውቋቸዋላችሁ። ልትጥሉት በር ላይ ያወጣችሁትን ካርቶን አንስተው፣ ሕፃን ልጅ ጥላችሁ የተገኛችሁ ይመስል “ይሄን ልትጥሉት ነው?” ብለው የሚገሥጿችሁ ናቸው። ቦርሳቸው ሲከፈት ከቤት ቁልፋቸው በፊት ቆርኪ፣ ሲባጎና ግማሽ ማስመሪያ ይወጣል። ሠርግ ቤት ጠርታችኋቸው ከሆነ ኬኩ የቆመበትን ፎም ይዘው የሄዱት እሳቸው ናቸው። ፎሙ በሰኞው ተቆርጦ የመሬት ውስጥ ንጣፎች ማሳያ ሆኗል፤ ሙሽሮቹ ግን ስለ ጠፋው ዕቃ እስካሁን ከአዳራሹ ጋር ይጨቃጨቃሉ።

ከካዛንቺስ ዋና መንገድ ገባ ብሎ ባለው ትምህርት ቤት ይህ ማዕረግ የክብርት ወይዘሮ እጸገነት ሃድጉ ነበር። መዘዙን የሚሸከመው ደግሞ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ታዲዎስ።

ታዲዎስ ሥርዓት የሚወድ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ከአንድ እስክሪብቶና ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ሌላ ነገር ካየ ራሱን ያመዋል። የኅብረተሰብ ትምህርት ሲያስተምር ሰሌዳው ላይ የሚጽፈው ጽሑፍ የታተመ ይመስላል። ተማሪዎቹ በጸጥታ ይገለብጡታል። ጸጥታውንም ትምህርት ነው ብሎ ያምን ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ከኦሎምፒያ በታክሲ ወደ ሥራ ሲመጣ በሩ ተከፈተና መጀመሪያ የፍሪጅ ካርቶን ገባ። ከካርቶኑ ኋላ ወይዘሮ እጸገነት።

“ማዘር፣ ይሄ ነገር ሰው ነው ዕቃ?” አለ ረዳቱ።

“ትምህርት ነው!”

“ትምህርት ከሆነማ ኋላ ይቀመጥ።”

ታዲዎስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

“አንተ ታዲዎስ! እንዳላየህ አትሁን። ይልቅ ያዝልኝ።”

ምክትል ርዕሰ መምህሩ በዚያ ቀን ካርቶን ታቅፎ ነው ተማሪዎቹ በተሰለፉበት የደረሰው። ያ ካርቶን ለአንደኛ ክፍሎች ሱቅ ሆነ። ቆይቶም ለአምስተኛ ክፍሎች የምግብ መፍጫ ሆኖ፣ ልጆቹ በአፍ ገብተው በሆድ ዞረው ይወጡ ጀመር። ስለ መውጫው ታዲዎስ ባይነሣበት ይመርጣል።

በዐቢይ ጾም ደግሞ ከሱሌማን ሥጋ ቤት የበግ ሳንባ በፌስታል ይዘው መምህራን ክፍል ገቡ።

“ወይዘሮ እጸገነት፣ በጾም?” አለ ታዲዎስ፣ ብርጭቆውን ወደ ራሱ እየሳበ።

“ልበላው ነው እንዴ? ልነፋው ነው!”

ነፉትም። ጎማ ቱቦ ሰክተው ለልጆቹ ሰጧቸው። ያ ግራጫ ነገር እየሞላ ሲነሣ ከክፍሉ የወጣውን ጩኸት የሰማው ዘበኛ እሳት መስሎት ባልዲ ይዞ መጣ። ታዲዎስ ያን ቀን ለዳይሬክተሯ አመለከተባቸው። ስድስተኛ ክፍሎችን መስቀል አደባባይ ይዘዋቸው ሄደው ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮችን በደረጃው ላይ ሲያስተምሩም አመለከተባቸው፤ ሽቅብ መደመር፣ ቁልቁል መቀነስ። የሚሮጠውን ሰው ሁሉ ሥራ ያስፈቱት ነበር። “ወንድሜ፣ ቱታህ ያምራል፤ እስቲ አንዴ ዜሮ ላይ ቁምልኝ።” ሰውዬውም ይቆማል። እሳቸውን እምቢ ማለት ከመቆሙ ይልቅ ያደክማል።

የዚህ ሁሉ ኮተት መኖሪያ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ያለው ክፍል ነው። ድሮ የተሰባበሩ ዴስኮች ይጣሉበት ነበር። ወይዘሮ እጸገነት ራሳቸው ጠርገው፣ ራሳቸው ቀለም ቀብተው “የመርጃ መሣሪያ ክፍል” ብለው በሩ ላይ ጻፉበት። አሁን ከጣሪያው ፕላኔቶች ተንጠልጥለዋል፣ መደርደሪያው ላይ የፊደል ዳይስ አለ፣ ቆርኪው በጆንያ ነው። በመምህራን ክፍል የሚስቁባቸው መምህራን ሁሉ በየተራ ተደብቀው እየገቡ የሚፈልጉትን ይዋሳሉ። የማይዋስ ታዲዎስ ብቻ ነበር።

በክፍሉ ጥግ፣ በትልቅ ጣውላ ላይ፣ የኢትዮጵያ ካርታ አለ። ተራራው ከታሸ ወረቀትና ሙጫ፣ ወንዙ ከሲባጎ፣ ሐይቁ ከለስላሳ ፕላስቲክ የተሠራ። ይህ ካርታ የተሠራው ለሉሊ ነው። ሉሊ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ዓይኗ ብርሃንና ጨለማን ከመለየት ሌላ አያይም። ሰፈራቸው ፈርሶ ቤተሰቦቿ ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ሲገቡ፣ ቅርብ ያለው ትምህርት ቤት ዓይኗን አይተው አንቀበልም ብለው መለሷት። እናቷ በየማለዳው በአውቶቡስ እያመላለሰች እዚሁ አስቀረቻት።

ነገሩ የመጣው ስማርት ቦርድ በሚባለው የማስተማሪያ ስክሪን ነው። ዳይሬክተሯ ዮሃና ወጣትና ታታሪ ናት። ያን ስክሪን ለማግኘት ያላንኳኳችው የለጋሽ በር የለም፤ ስታገኝ ደስታዋን መደበቅ አቃታት።

“ታዲ፣ በቃ እስከ ዓርብ ያ ክፍል ባዶ ይሁንልኝ” አለችው። “ማለቴ፣ ለጋሾቹ ራሱን የቻለ ክፍል ካልተዘጋጀ አንሰጥም ብለዋል። ያለን ክፍል ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ያን ቆሻሻ የሚጭን መኪና ቀጥሬያለሁ።”

ታዲዎስ እየሮጠ ነው የሄደው። ሊነግራቸው ያሰበውን በመንገዱ ሁለቴ ተለማመደው።

ሲገባ ወይዘሮ እጸገነት መሬት ላይ ቁጭ ብለው ክር ይቆርጣሉ፤ ሉሊ ካርታው ላይ አጎንብሳለች።

“ቲቸር፣ ክፍሉን እንዲያስረክቡ ተወስኗል።”

“ማን ወሰነ?”

“ዮሃና።”

“እሷ ልጅ ናት፣ አይፈረድባትም። አንተስ?”

“እኔ የታዘዝኩትን ነው።”

“አውቃለሁ። እሱ ነው የሚያሳዝነኝ።”

“ስማርት ቦርዱ እኮ ሁሉን ያሳያል” አለ ታዲዎስ፣ የተለማመደው ንግግር እየጠፋበት። “ሳንባም ያሳያል፣ ተራራም ያሳያል።”

“ለሚያይ ሰው ያሳያል።”

ታዲዎስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ለእሷ እኮ ለብቻው ትምህርት ቤት አለ። ዮሃና ዝውውሩን ልትጨርስላት…”

“ትሰማሃለች፤ ጆሮዋ ደህና ነው።”

“እኔ የትም አልሄድም” አለች ሉሊ፣ ጣቷን ከካርታው ሳታነሣ።

ወይዘሮ እጸገነት ቀሚሳቸውን አራግፈው ተነሡ። ቁመታቸው ታዲዎስ ደረት ላይ ነው የሚደርሰው፤ ያን ጊዜ ግን ቁልቁል ያዩት መሰለው።

“ለዮሃና እንዲህ በላት። ስክሪኑን አልጠላሁም፤ ይምጣ፣ እኔም አስተምርበታለሁ። ግን ሌላ ግድግዳ ይፈለግለት። ከዚህ ክፍል አንዲት ቆርኪ አትወጣም።”

ከዚያ በትግርኛ የሆነ ነገር ጨመሩ። ምን እንዳሉት እስከ ዛሬ አልጠየቀም።

ዓርብ ጠዋት አይሱዙው ከነጫኞቹ ግቢ ገባ። ዮሃና ጫኞቹን አስከትላ በሩን ስታንኳኳ ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ አራተኛ ክፍሎች በቆርኪ እያካፈሉ ነበር።

“ቲቸር፣ ሰዎቹ እየጠበቁ ነው።”

“ክፍለ ጊዜ ላይ ነን፣ የኔ ልጅ። ‘ትምህርት በምንም ምክንያት አይቋረጥም’ ይላል፣ ኮሪደሩ ላይ የለጠፍሽው ደንብ። እኔ አልጻፍኩትም።”

ዮሃና ደወሉን ጠበቀች። ደወሉ ተደወለ። አራተኛ ክፍሎች ወጥተው ሳያልቁ አማርኛ አስተማሪዋ ልደት ሁለተኛ ክፍሎችን አሰልፋ ገባች፤ የፊደል ዳይሱ ይንኮሻኮሽ ጀመር። እሷ ስትወጣ የሳይንሱ አስተማሪ በድሉ ገባ። ባለፈው ሳምንት “የወይዘሮ እጸገነት ቁራሌ ቤት” ብሎ መምህራኑን ያሳቀው እሱ ነበር። አሁን ዮሃናን አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም ብሎ አልፏት ገባና በሩን ዘጋ።

ጫኞቹ ጥላ ሥር ተቀመጡ። የአይሱዙው ሹፌር ሰዓቱን አየ። “እመቤት፣ የጭነት መኪና ሰዓት ሊያልፍብኝ ነው፤ ትራፊክ ቢይዘኝ ማን ይከፍልልኛል? ይሄ ክፍለ ጊዜ እስኪያልቅ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ካልተጫነ እኔ የለሁም።”

ዮሃና ወደ ታዲዎስ ዞረች። የትምህርት ቤቱን የክፍለ ጊዜ ድልድል የሚያወጣው እሱ ነው፤ ማን መቼ የት እንዳለ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

“ታዲ፣ ቀጣዩን እዚህ የሚገባ የለም አይደል?”

የለም። ታዲዎስ ያውቃል። የሚመጣ አስተማሪ ቢኖር ኖሮ ወይዘሮ እጸገነት በሩ ላይ እንደዚያ እጃቸውን ዘርግተው አይቆሙም ነበር። የበድሉ ተማሪዎች በክንዳቸው ሥር እያለፉ ወጡ። ታዲዎስ እኚያን ሴት ደክሟቸው ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ከንፈራቸው ደርቋል።

ከትከሻቸው በላይ ወደ ውስጥ አየ። ሉሊ ከጠዋት ጀምሮ አልወጣችም። ካርታውን እንደ ወትሮው በአንድ ጣት እየተከተለች አልነበረም። በሁለት መዳፏ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትዳስሰዋለች። ከተወሰደ በኋላም እንዲቀርላት በቃሏ እየያዘችው ነበር።

“የሚገባ አለ” አለ ታዲዎስ።

“ማን?”

“የእኔ ሰባተኛ ክፍል።”

“ታዲ! ሰባተኛ እኮ ስፖርት ላይ ናቸው፤ ከዚህ ይታዩኛል!”

“ነበሩ” አለና ወደ ሜዳው ወረደ።

ላብ ያጠመቃቸውን ልጆች ከነኳሳቸው ነድቶ መጣ። ወይዘሮ እጸገነት እጃቸውን ከመቃኑ አውርደው መንገድ ለቀቁለት። ታዲዎስ ኖት አልያዘም፤ ጠመኔም አልያዘም። ክፍሉ ውስጥ ሰሌዳ እንኳ አልነበረም። ልጆቹ ያዩታል። እጁን ኪሱ ከተተ፣ አወጣ፣ እንደገና ከተተ።

“ቲቸር” አለች ሉሊ ከጥጉ። “እዚህ ጋ ለምንድን ነው እንደዚህ ረጅም ሆኖ የጎደጎደው?”

ጠጋ ብሎ አየ። ጣቷ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነበር። ይህን ርዕስ ሰሌዳ ላይ ስንት ዓመት ጽፎታል፤ ለምን ብሎ የጠየቀው ልጅ ግን ትዝ አይለውም። መናገር ጀመረ። መሬት እንዴት እንደምትሰነጠቅ፣ ሐይቆቹ ለምን በአንድ መስመር እንደተደረደሩ፣ ተራሮቹ ለምን ግራና ቀኝ እንደቆሙ ተናገረ። ሉሊ እሱ የሚለውን እየተከተለች በጣቷ ከሐይቅ ሐይቅ ወረደች። ሰባተኛ ክፍሎች አንገታቸውን አስግገው ጣቷን ያያሉ። በመሃል የአይሱዙው ሞተር ተነሣ። ድምፁ ወደ ባምቢስ እየራቀ እስኪጠፋ ታዲዎስ አላቆመም።

ስክሪኑ በመጨረሻ የቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ለጋሾቹ ጥቂት አጉረመረሙና ፎቶ ተነሥተው ሄዱ። መጀመሪያ ያስተማሩበትም ወይዘሮ እጸገነት ናቸው።

ታዲዎስ ግን ዋጋውን ከፈለ። ለሌላ ትምህርት ቤት ዳይሬክተርነት ታጭቶ ነበር፤ ዮሃና ድጋፏን አነሣችና ነገሩ በዚያው ቀረ። ደግሞም ቢሮዋ ጠርታ አስቀመጠችው።

“ቲቸር እጸገነትን በዓመቱ መጨረሻ ላዛውራቸው ነው” አለች። “ለሁላችንም ሰላም። የምክትሉ አስተያየት ያስፈልጋል፤ እስማማለሁ በለኝና እንጨርሰው።”

“አልስማማም።”

“ምን ማለት ነው? ከዚህ ቢሮ ስለ እሳቸው ሳታመለክት የወጣህበት ወር አለ?”

“የለም። አመልክቻለሁ። ነገም አመለክታለሁ፣ ከነገ ወዲያም” አለ ታዲዎስ እየተነሣ። “ግን እሳቸው እዚሁ ሆነው ነው የማመለክተው። ሉሊም እዚሁ። ካዛወርሻቸው የእኔንም አብረሽ ጻፊው፤ ዓመቱ ሲያልቅ ሁለት ምትክ ፈልጊ።”

ዮሃና ብዕሯን አስቀመጠች። ዝውውሩ አልተጻፈም።

ግቢው ውስጥ ወይዘሮ እጸገነት አገኙት። የሆነውን ሰምተዋል፤ በዚያ ትምህርት ቤት የማይሰማ ነገር የለም። ታዲዎስ ምስጋና ጠበቀ፤ “ኧረ ምንም አይደል” ለማለት ፊቱን እንኳ አዘጋጅቶ ነበር።

“ያን የዓርብ ትምህርትህን ሰምቼዋለሁ” አሉት። “ሙሉ ክፍለ ጊዜ ብቻህን ስታወራ አለቀ። ከሉሊ በቀር ካርታውን የነካ ልጅ አለ? ሰባተኛዎቹ ምን ሊሠሩ ነው የገቡት፣ አንተን ሊያዩ?”

ታዲዎስ ከልቡ ተናደደ። ሹመቱን ያጣው ለእኚህ ሴት ነው! አፉን ሲከፍት የወጣው ግን ሌላ ነበር።

“እና ምን ማድረግ ነበረብኝ?”

ወይዘሮ እጸገነት የክፍሉን በር በክርናቸው ገፋ አደረጉ።

“ግባና ቁጭ በል” አሉት።

ገብቶ ተቀመጠ።