ርግብግቢቱ ያልገጠመው ውሻ

ኑ፣ ቀረብ በሉ! አንቺ እንዝርትሽን አስቀምጪ፤ አንተ ደግሞ ቆሎህን ዋጥ አድርግና ጨርስ፣ ስትቆረጥም ወፍጮ ሥር የተቀመጥሁ እየመሰለኝ ነው። ዝም! አጎታችሁ ሲያወራ ዝንብ እንኳ ክንፏን ትሰበስባለች። ሳቅ የመጣበት መጨረሻ ላይ ይሳቅ፤ መሃል ላይ የሚስቅ ሰው የወጉን ጨው ይሰርቃል።

እኔ እንግዲህ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት መሃል ላይ ስደርስ፣ የኔታ ራሳቸው «ልጄ፣ አንተን እርሻ ሳይሻልህ አይቀርም» ብለው የሸኙኝ ሰው ነኝ። ስለዚህ የመጽሐፍ ቃል አትጠብቁብኝ። በዓይኔ ካየሁት ግን አንድ ነገር አውቃለሁ፤ የሰው ልጅ ትልቅ ነገር ሲያይ ያጎነብሳል፣ ትንሽ ሲያይ ይረግጣል። ትልቅ በሬ፣ ትልቅ አጥር፣ ትልቅ ጥምጥም ይወዳል። ጥምጥሙ ውስጥ ያለውን ራስ ማን ፈትሾት! ውሻም ላይ እንደዚያው ነን። እኛ አገር ውሻ ማለት ጅብ የሚመክት፣ እንግዳ ከአጥር ውጭ የሚያስቆም፣ ዝናብ እየወረደበት ደጅ የሚያድር ነው። ቤት ገብቶ ምድጃ ዳር የሚተኛ ውሻ ካያችሁ ወይ ውሻው ታሟል፣ ወይ ባለቤቱ።

እኔ ቤት ግን ማንም ሳይታመም ገባ።

ጊዜው የጣልያን ጊዜ ነው። ጣልያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽጉን ሠርቶ ተቀምጧል፤ እኛ ደግሞ በይጁቤ ዙሪያ ገደል ለገደል እንልበታለን። አንድ ቀን ጭነቱን መንገድ ላይ ጠብቀን መታነው። ምርኮ ስንካፈል ለአንዱ ጠመንጃ፣ ለአንዱ ብርድ ልብስ፣ ለአንዱ በቅሎ ደረሰው። ለእኔ ክዳን ያላት ቅርጫት ደረሰችኝ። «ስኳር ነው!» ብዬ ስከፍታት ሁለት ዓይን አፈጠጠብኝ። ውሻ ነው። ሰውነቱ ከድንች ብዙም አይበልጥ፣ ጆሮውን ግን ከሌላ ውሻ የተዋሰው ይመስላል። ይንቀጠቀጣል።

«ወንድም ዓለም፣ አይጥ ማረክህ!» ብለው ጓደኞቼ መሬት ላይ ተንከባለሉ።

እኔ እበገራለሁ? «እናንተ ምን ታውቃላችሁ! የጣልያን የጦር ውሻ ግልገል ነው። ሲያድግ አንበሳ ያንቃል» አልሁና ይዤው ገባሁ። ስሙንም ያድጋል አልሁት።

ባለቤቴ እናኑ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ተቀብላ ራሱን ስትዳስሰው ጣቷ መሃል አናቱ ላይ ስርጉድ አለ። «ውይ የኔ ጌታ! ርግብግቢቱ እንኳ አልገጠመም እኮ። ገና ጨቅላ ነው» አለች። ርግብግቢቱ ላልገጠመ ሕፃን እንግዲህ ምን ይደረጋል? ለጋ ቅቤ ነዋ! ጠዋት ጠዋት አናቱን ቅቤ ቀብታ ፀሐይ ታሞቀው ገባች። እኔ ራሴ ለሠርጌ እንኳ እንደዚያ አልተቀባሁም።

አያያዙን ብነግራችሁ ትደክማላችሁ። አንድ ጊዜ አብልታችሁት ውላችሁ አትገቡም፤ ሆዱ የወፍ ነው፣ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ነው የሚበላ። ጉርሻ ከተረሳ ተንገዳግዶ ይወድቃል። ያን ጊዜ እናኑ በጣቷ ማር ነክራ ምላሱን ስትቀባው ከሞት ይነሣል። ከመደብ ከዘለለ እግሩ ወለም ይላል። ደጅ ከወጣ ጭልፊት ያንዣብብበታል፤ ስለዚህ ከጫጩቶቹ ጋር ቅርጫት ይደፋበታል። አንበሳ ያንቃል ያልሁት ውሻ ከዶሮ ልጅ ጋር ታስሮ ይውላል! ይበርደዋል፣ ይንቀጠቀጣል። ይርበዋል፣ ይንቀጠቀጣል። አውሮፕላን ይመጣል፣ ይንቀጠቀጣል። እኔ አልለየውም ነበር። እናኑ ግን ትለየዋለች፤ «ሲበርደው ይጠቀለላል፤ ሲርበው ጣቴን ይልሳል፤ አውሮፕላን ሲሆን ጆሮው ይቆማል» ትላለች።

ክረምቱ ወጣ። ከበርጩማው እግር ጋር ባስተካክለው ዛሬም በርጩማው ይበልጣል። ያድጋል አላደገም። በመጨረሻ ጎረቤታችን አያ ተገኘ መጣ፤ በሬ ሲገዛ ዕድሜውን በጥርስ የሚያውቅ ሰው ነው። አፉን ፈልቅቆ አየና ክው አለ።

«እናኑ፣ ይኼ ልጅ አይደለም። ጥርሱ አልቋል። ሰው ቢሆን ለሽምግልና ይጠራ ነበር።»

ለካ ዘሩ ነው! ርግብግቢቱ ሳይገጥም ያረጃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ አንቱ እለው ጀመር። «ያድጋል፣ ይጉረሱ እንጂ! በሞቴ!»

ታዲያ ኅዳር ሚካኤል ደረሰ፤ የማኅበሩ ጽዋ እኛ ቤት ነው። የማኅበሩ ቄስ አባ ወልዴ ቀድመው መጥተው ቁርጡን ነገሩን፦ «ጽዋ በሚገባበት ቤት ውሻ አይገባም። ወይ እሱ ይወጣል፣ ወይ እናንተ ከማኅበሩ ትወጣላችሁ።» ከማኅበር የወጣን ሰው ማን ያስታምመዋል? ማን ይቀብረዋል? በሌላ በኩል የኅዳር ውርጭ ደግሞ በሬ ያደርቃል፤ ያን ድንች ምን ያተርፈዋል? እናኑ «እሺ አባ» አለች። እሺ ብላ ጉያዋ ውስጥ ሸሸገችው።

ዕለቱ ደረሰ። ቤቱ ጢም ብሏል፣ አባ ቆመው ይጸልያሉ። ድንገት ከእናኑ ጋቢ ውስጥ «ቂው! ቂው!» የሚል ድምፅ ወጣ። ጋቢዋን ገለጥ አድርጋ አየችው። ጆሮው ቀጥ ብሎ ወደ ማርቆስ ዞሯል።

«አውሮፕላን ነው» አለች።

ጆሯችንን ጣልን። ምንም የለም።

«አንቺ ሴት፣ ደግሞ በውሻ ትንቢት ጀመርሽ?» አሉ አባ።

እሷ ብድግ ብላ ወጣች! ጸሎት ሳያልቅ፣ ጽዋው ሳይነሣ! አባ መቋሚያቸውን ይዘው «ቁሚ ብያለሁ!» እያሉ ተከተሏት። አያ ተገኘ አባን ሊገላግል ተከተለ። እኔ ሚስቴ ናትና ተከተልሁ። የቀረው ማኅበርተኛ ጠቡ እንዳያመልጠው ተከተለ፤ የኛ ሰው ጠብ ካየ ጠላውን ትቶ ይወጣል፣ ስለዚህ ጠባያችን እግዜር ይመስገን! እሷ ወደ ኋላ ሳታይ ገደሉ ሥር ወረደች፤ እኛም እየተሳደብን ወረድን። ታች ስንደርስ ሰማዩ ማጉረምረም ጀመረ።

ከዚያ ቦምቡ ወረደ፤ ምድር ተናወጠች።

አቧራው ሲገለጥ ሁሉም ሰው ራሱን ይዳስሳል። አንድም የጎደለ የለም። ሕፃን የታቀፈች አለች፣ ነፍሰ ጡር አለች። አንተ አሁን ቆሎ የምትቆረጥመው፣ የአባትህ እናት እዚያ ነበረች፤ አባትህን ያዘለችው። እኔ ድንጋዩ ላይ ተደፍቼ አለቀስሁ። «ተመስገን» ከማለት ሌላ ቃል ጠፋኝ። እስከ ዛሬም ሌላ አላገኘሁለት።

ወዲያው ክርክር ተነሣ። አንዱ «ሚካኤል ነው ያዳነን» ይላል፤ ሌላው «ውሻው ነው»። አባ ወልዴ ጥምጥማቸውን አራግፈው መሃል ገቡ።

«ያዳነን ሚካኤል ነው። የላከው ይህን ፍጥረት ከሆነም ይመስገን፣ እኔ አልከፋኝም» አሉና ያድጋልን ራሱን ዳሰሱት፤ ጣታቸው ቅቤ ነካ። ቶሎ ሰበሰቡት። «ሥርዓት ግን ሥርዓት ነው። ውሻ ቤት ውስጥ አይገባም!»

እናኑ ቀና ብላ ከገደሉ አፋፍ ወዲያ የሚትጎለጎለውን ጭስ አየች።

«የቱ ቤት፣ አባ?»