የገንፎ ሊቀመንበሯ

አራስ ባለችበት ቤት ሁሉ ገንፎው ሊወጣ ሲል ከች የምትልና ማማሰያ ከሰው እጅ ካልነጠቀች የማትቀመጥ አንዲት ሴት የሌለችበት ሰፈር የለም። አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር፣ ይህን ሥልጣን ያለ ምርጫ የያዙት የአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ባለቤት፣ ጎጃሜዋ ወይዘሮ ባዩሽ ነበሩ። ቀበሌው የራሱ ሊቀመንበር ነበረው፤ ገንፎው ግን የእሳቸው ነበር።

"ቆይ ቆይ፣ ይሄማ ሙቅ ነው!" ይላሉ ገና ከበር። ጎረቤታቸው ልክነሽ ይህን ስትሰማ ደሟ ይፈላል። የአስተማሪውን ሚስት "ግድግዳ ልትለስኚበት ነው?" ብለው አስለቅሰዋታል። ለቅሶ ቤት እንኳ "ነፍሱን ይማረውና፣ ደህና ገንፎ ሳይበላ ሄደ" ብለው እንባቸውን ጠርገዋል።

በሰባ ሰባት የልክነሽ ታናሽ እህት ወለቴ ሁለት ቀን አምጣ እህቷ ቤት ወለደች። እህል በጠፋበት በዚያ ዓመት እናታቸው ከገረሴ የላኩት የገብስ ዱቄት አንድ ሳህን ብቻ ነበር። እሱ ከተበላሸ አራሷ ጦሟን ማደሯ ነው። ልክነሽ የፈላው ውሃ ላይ መነስነስ ስትጀምር ወይዘሮ ባዩሽ፣ ያለወትሯቸው ቀድመው፣ ገቡ።

"ቆይ ቆይ፣ አምጭው!"

ማማሰያውን ነጠቁና ግማሹን ዱቄት ባንዴ ድስቱ ውስጥ ዘረገፉት!

ልክነሽ ክው አለች። ድንች ድንች የሚያካክል ጓል ተንሳፈፈ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው አብስሎ የጨረሰውን ሲነጥቁ ኖረዋል ማለት ነው!

"እትዬ... ገንፎ አያውቁም?"

የሴትዮዋ ፊት አመድ መሰለ። "እናቴ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። እኔ ቆሜ ማየት ነበር ሥራዬ። እዚህ ስመጣ መጠየቅ አፈርኩ።"

ልክነሽ ልትጮህ ምንም አልቀራት። ግን እህቷ ጓዳ ተኝታ እየጠበቀች ነው። ድስቱን ከእሳት አውርዳ "አጥብቀው ይያዙልኝ" አለች። ጓሉን አንድ በአንድ ከድስቱ ጎን ጋር እየደፈጠጠች፣ ፍል ውሃ ጠብ እያደረገች ፈታችው። የቀረውን ዱቄት ቀስ እያለች ጨምራ መልሳ አገነፋችው፤ ያለቻትንም ቅቤ መሀሉ ላይ አደረገች።

"እንዲህ ነው እንዴ?" ይላሉ ወይዘሮ ባዩሽ በሹክሹክታ።

"እንዲህ ነው፣ እትዬ።"

ወለቴ አንዴ ጎረሰች፤ ደገመች። "እንዲህ የላመ ገንፎ ማን ሠራው?" አለች። ሊጠይቋት የመጡት ሴቶች ሁሉ ዞሩ። ሰፈሩን ሲያሳፍሩ የኖሩትን ሴትዮ ለማሳፈር ከዚህ የተመቸ ቀን አይገኝም። ልክነሽ አፏን ከፈተች፤ ሴትዮዋ ግን ድስቱ የፈጃቸውን ጣቶች ነጠላቸው ውስጥ ሸሽገው መሬት መሬት ያያሉ። አንጀቷን በሉት።

"እትዬ ባዩሽ ናቸው" አለች፤ ባወጣችው ቃል ራሷም ደነገጠች።

የወይዘሮ ባዩሽ ዓይን እንባ አቀረረ። ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ቀና አሉ።

"ቅቤው ግን አንሷል። እሱን ያደረገችው ልክነሽ ናት።"