ከመስኮቴ በላይ የተሰቀሉት ስድስት እሴቶች

ዛሬ በገዛ ቢሮዬ የገጠመኝን ብነግራችሁ «አበዛሽው» ትሉኛላችሁ። ግዴለም፣ ስሙኝ!

ሐረር ውስጥ አንድ ቢሮ መታወቂያ የማድሰው እኔ ነኝ። የትኛው ቢሮ እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ እንጀራዬ ነው።

ከመስኮቴ በላይ የሚያምር ፖስተር ተሰቅሏል፦ «እሴቶቻችን»። ስድስት ናቸው። ዲዛይን ያሠራሁት፣ ላሚኔት ያስደረግሁት፣ ወንበር ላይ ቆሜ የሰቀልኩት እኔው ነኝ።

ዛሬ ገምጋሚዎች መጥተው እሴቶቹን በቃል ይጠይቃሉ ተባለ። መስኮቴን ዘግቼ ሽምደዳ ገባሁ። ቅን አገልጋይነትን ለመሸምደድ ተገልጋይን ማባረር ግድ ነው፣ አይደል?

ያባረርኳቸው አባባ ዩሱፍን ነው። ኤረር በር አካባቢ መጽሐፍ የሚጠርዙ ሽማግሌ ናቸው። ለሐጅ ለመመዝገብ የታደሰ መታወቂያ ያስፈልጋቸዋል። ምዝገባው ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል።

ሰኞ «ሲስተም የለም» አልኳቸው። ማክሰኞ «ነገ»። ረቡዕ ከሰዓት ሲመጡ እኔ በርጫ ላይ ጫቴን ይዤ ተቀምጫለሁ። ዛሬ ደግሞ «አባባ፣ ስብሰባ አለን፤ ትንሽ አረፍ ይበሉ»።

አረፍ አሉ። አግዳሚው ላይ፣ ከፖስተሩ ፊት ለፊት።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ገምጋሚዎቹ ገቡ። አንዱ «እሴቶቻችሁን ንገሪኝ» አለኝ።

«ግልጽነት... ተጠያቂነት...»

ከዚያ ድርግም። ሲስተም የለም።

ከአግዳሚው ድምፅ መጣ። «ቅን አገልጋይነት፣ ፈጣን ምላሽ፣ እኩልነት፣ ሰውን ማክበር።»

አባባ ዩሱፍ! በቅደም ተከተል!

ገምጋሚው ተገርሞ «እንዴት አወቋቸው?» አላቸው።

«አራት ቀን ሙሉ ሳነባቸው ነበር፣ ልጄ። አልሐምዱሊላህ፣ ጽሑፉ ጥሩ ነው። ያላወቅሁት የትኛው መስኮት እንደሚሰጣቸው ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ገምጋሚው ግን ምን ቢጽፍ ጥሩ ነው? «እሴቶቹ እስከ ተገልጋዩ ድረስ ሰርጸዋል»። ከተገመገሙት ቢሮዎች ሁሉ አንደኛ ወጣን።

አጨብጭበን፣ ፎቶ ተነስተን፣ እንግዶቹን ሸኝተን መስኮቴን ከፈትኩ። መታወቂያውን ለማደስ የፈጀብኝ ስምንት ደቂቃ ነው። ቀና ብዬ ሰዓቱን ሳይ ስድስት ተኩል ሆኗል።

«ኢንሻአላህ ለከርሞ» አሉኝ። ደግሞ መረቁኝ። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። በጣም ነው ያፈርኩት።

ነገ የአንደኝነታችን ሰርተፍኬት ይመጣል። የምሰቅለው ያው እኔ ነኝ፤ ከፖስተሩ ጎን ቦታ አለ። አግዳሚው ላይ የሚጠብቅ ሰው አዲስ የሚያነበው ነገር ያገኛል።

ይህስ አገልግሎት አይደለም እንዴ?